የጠመንጃ ሰደፍ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይቀየራል? መቶ ዓመት የኖረን እንጨት የምትሰነጥቀው አንዲት ብሎን

"በሰደፍ መታው" ሲባል ያልሰማ የለም። ሰደፍ ማለት ትከሻ ላይ የሚያርፈው የጠመንጃ የኋላ ክፍል ነው። ግን ይሄ እንጨት ከብረቱ ጋር በምን ተያይዞ እንደቆመ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? በቪት ነው? በኮላ ነው? ቢሰበርስ ለብቻው ይቀየራል ወይስ ጠመንጃው አበቃለት?

መልሱ እንደ ጠመንጃው ዓይነት ይለያያል። ዛሬ አንዱን መርጠን በደንብ እናያለን፦ የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድ። የመረጥነው ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰደፉ ሲፈታ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ሰው ከኋላ ሆኖ ብሎን ሲያዞር ከፊት ያለውን እንጨት ይሰነጥቃል። የሚሠራው አንድ ቦታ፣ የሚሰበረው ሌላ ቦታ! በዚህ ስህተት የተበላሹ አሮጌ ጠመንጃዎች ብዙ ናቸው።

📌 መጀመሪያ ስለ ጠመንጃው

ሊ ኤንፊልድ ስሙን ያገኘው ከሁለት ነገር ነው። "ሊ" መዝጊያውንና ካዝናውን የነደፈው ጄምስ ፓሪስ ሊ ነው፤ ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ በኋላ አሜሪካ የሠራ ሰው። "ኤንፊልድ" ደግሞ ከለንደን በስተሰሜን ያለው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው።

ሁለቱ በጣም የታወቁት ዓይነቶች እነዚህ ናቸው፦

👉 ቁጥር 1 ማርክ 3፦ እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋና የእንግሊዝ ጠመንጃ። አፈሙዙ ደፍጠጥ ያለ አፍንጫ ይመስላል።

👉 ቁጥር 4፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዛት የተመረተው። አፈሙዙ ከእንጨቱ ትንሽ ወጣ ይላል።

ሁለቱም ካዝናቸው 10 ጥይት ይይዛል። ሁለቱም በአንድ ጥይት አንድ ጊዜ በእጅ የሚቀባበሉ ናቸው።

ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነትም እውነተኛ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጎን የተዋጉት የእንግሊዝ፣ የህንድና የሌሎች የጋራ ብልጽግና አገሮች ወታደሮች ትከሻ ላይ የነበረው ጠመንጃ ሊ ኤንፊልድ ነበር። ከረንን ሰብረው የገቡት የህንድ ክፍለ ጦሮችም የያዙት እሱኑ ነው።

ደግሞ "ያለፈበት ዕቃ" ብላችሁ አትለፉት። በካናዳ ሰሜናዊ በረዷማ ምድር ጥበቃ የሚያደርጉት የካናዳ ሬንጀሮች ቁጥር 4ን ከ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አንስቶ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ይዘውት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዚያ ብርድ አልከዳቸውም።

📌 ሰደፉ ለምን ለብቻው ይወልቃል?

በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ የጦር ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ የጀርመኑ ማውዘር፣ እንጨታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ጦር እጅ የነበሩት ቤልጂየም ሠራሽ ማውዘሮችም እንደዚያው ናቸው። የእነሱ ሰደፍ ከተሰበረ ሙሉ እንጨቱ ነው የሚቀየረው፤ ወይ በኮላና በጅማት መጠገን ነው።

ሊ ኤንፊልድ ግን እንጨቱ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ከፊት በርሜሉን ከሥር የሚይዘው የፊት እንጨት አለ። ከኋላ ደግሞ ሰደፉ። በሁለቱ መካከል የጠመንጃው ብረት ራሱ አለ፤ ከኋላው ክብ የብረት ማቀፊያ አለው። የሰደፉ ጫፍ እዚያ ማቀፊያ ውስጥ እንደ መጥረቢያ እጀታ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ከዚያ አንድ ረጅም ብሎን ሰደፉን ከውስጥ ሰንጥቆ አልፎ ማቀፊያው ላይ ይታሰራል። በቃ፣ ሰደፉን የያዘው ይህ አንድ ብሎን ነው።

ይሄ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው፦

1. ረጅምና እንከን የሌለው አንድ ወጥ እንጨት መፈለግ ቀርቶ አጫጭር እንጨት ይበቃል።

2. ሰደፍ ሲሰበር ወይም ለወታደሩ ቁመት ሳይመች ሲቀር እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል።

📌 ሰደፍ እንደ ጫማ ቁጥር አለው

ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የሊ ኤንፊልድ ሰደፍ በአራት ልክ ተሠርቷል፦

▪️ ረጅም፦ ከመደበኛው ግማሽ ኢንች (1.27 ሳ.ሜ.) ይረዝማል። "ኤል" የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ይመታበታል።

▪️ መደበኛ፦ አንዳንዱ "ኤን" አለበት፣ አንዳንዱ ምንም የለበትም።

▪️ አጭር፦ ግማሽ ኢንች ያጥራል። ምልክቱ "ኤስ" ነው።

▪️ ባንታም፦ አንድ ሙሉ ኢንች (2.54 ሳ.ሜ.) ያጥራል። ምልክቱ "ቢ" ነው።

ምልክቱን የምታገኙት ከሰደፉ በላይ በኩል፣ ከኋላው ብረት ትንሽ ፊት ለፊት እንጨቱ ላይ ነው።

"ባንታም" ትናንሽ የዶሮ ዝርያ ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ለመደበኛው ጦር ቁመታቸው ያልደረሰ፣ ከ160 ሳ.ሜ. በታች የሆኑ ሰዎችን ለብቻ አሰባስባ "ባንታም" የሚባሉ ሻለቆች አቋቁማ ነበር።

ልኩ ለምን አስፈለገ? ሰደፉ ለሰውየው ከረዘመ እጁ ተንጠራርቶ ነው ምላጩ ጋ የሚደርሰው፣ ሲያነጣጥርም ሰደፉ ብብቱ ላይ ይያዛል። ካጠረ ደግሞ ሲተኩስ አውራ ጣቱ ከአፍንጫው ጋር ይጋጫል። ግማሽ ኢንች ትንሽ ትመስላለች፣ ትከሻ ላይ ግን ትልቅ ናት።

📌 አሁን ወደ ዋናው፦ ያቺ ብሎን

የሰደፉ ብሎን ጭንቅላት ያለው ከኋላ በኩል፣ በሰደፉ ቀዳዳ ጥልቀት ውስጥ ነው። ጫፉ ደግሞ ማቀፊያውን አልፎ ወደፊት ይወጣል። በቁጥር 1 ጠመንጃ ላይ ይህ ጫፍ ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። የፊት እንጨቱ ኋላ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ ዝርግ ብረት ተቀብሯል። አራት ማዕዘኑ ጫፍ እዚያ ብረት ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ዓላማው ጠመንጃው ሲተኮስና ሲንገጫገጭ ብሎኑ በራሱ እንዳይላላ ነው።

ሐሳቡ ጎበዝ ነው። ችግሩ ግን ይሄ ሁሉ ከውጭ አይታይም!

ስለዚህ አንዱ ከኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ ረጅም ካቻቪቴ ከትቶ ብሎኑን ማዞር ሲጀምር ብሎኑ እምቢ ይላል። "ዝገት ነው" ብሎ ጉልበት ይጨምራል። አራት ማዕዘኑ ጫፍ ይዞራል፣ ዝርጉን ብረት ይዞት ይዞራል፣ ብረቱ ደግሞ የፊት እንጨቱን ከኋላ ጫፉ ይሰነጥቀዋል። አንዳንዴ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አንዳንዴ ምንም አይሰማም።

ያ የተሰነጠቀው ቦታ ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም። ጠመንጃው ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ሲረግጥ ጫናውን የሚቀበለው የእንጨቱ ክፍል እዚያው አካባቢ ነው። እዚያ ከላላ ብረቱና እንጨቱ አብረው መቀመጥ ያቆማሉ፣ ዒላማውም ይሄዳል።

ሕጉ አጭር ነው፦ በቁጥር 1 ጠመንጃ ላይ የፊት እንጨቱ ሳይወልቅ የሰደፉ ብሎን አይነካም።

አንዳንድ ዘግይተው የተሠሩ ወይም የታደሱ ቁጥር 1 ጠመንጃዎች ያ ዝርግ ብረት የላቸውም። ግን ሳይፈታ ስለማይታይ ሁሉንም እንዳለው ቆጥሮ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

📌 አፈታቱ በቅደም ተከተል (ቁጥር 1)

በእንግሊዝ ጦር ይሄ የወታደሩ ሥራ አልነበረም፤ የመሣሪያ ጠጋኙ ሥራ ነበር። ወታደሩ እንዲያጸዳ እንጂ እንጨት እንዲፈታ አይፈቀድለትም። ባለሙያው የሚሄድበት መንገድ ይሄ ነው፦

1️⃣ ጥይት የለም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ካዝናው ይወጣል፣ መዝጊያው ይሳባል፣ የጥይት ቤቱ በዓይንም በጣትም ይታያል። ከዚያ መዝጊያው ራሱ ይወጣል፦ ሙሉ ለሙሉ ወደኋላ ተስቦ ጭንቅላቱ ወደላይ ቀና ሲደረግ ይለቃል። መዝጊያ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለብቻው ተለክቶ የተገጠመ ስለሆነ ሁለት ጠመንጃ አንድ ላይ ከተፈታ መዝጊያቸው መቀያየር የለበትም።

2️⃣ መካከል ላይ ያለው የማንገቻ ቀለበት ይፈታል፣ በርሜሉን ከላይ የሸፈነው እንጨት ይነሳል።

3️⃣ አፈሙዙ ላይ ያለው የብረት ቆብ ቪቶቹ ተፈተው ቀስ ተብሎ ወደፊት ይወጣል። እዚህ ጋ ትንሽ ሞላ አለች፣ ብድግ ብላ እንዳትጠፋ።

4️⃣ በርሜሉን ከውስጥ የያዘው ትንሹ ቀለበት ቪቱ ከነሞላው ይወጣል።

5️⃣ የምላጩ መከለያ ብረት ከፊትም ከኋላም ቪቱ ተፈቶ ይነሳል። የፊተኛው ቪት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የብረት ቱቦ አለች፤ እሷም መጥፋት የለባትም፣ ቪቱ ሲጠብቅ እንጨቱ እንዳይጨፈለቅ የምታደርገው እሷ ናት።

6️⃣ የፊት እንጨቱ ከፊትም ከኋላም እኩል ዝቅ እየተደረገ ይወጣል። ከአንድ በኩል ብቻ ከተሳበ የኋላው ጫፍ ይሰበራል። አሁን አራት ማዕዘኑ የብሎን ጫፍ በዓይን ይታያል። እፎይ!

7️⃣ ሰደፉ ኋላ ባለው ብረት ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ውስጧ የዘይት ዕቃና የበርሜል ማጽጃ ገመድ ይቀመጥ ነበር። እነሱ ከወጡ በኋላ ጥልቅ ቦታ ላይ የቆዳ ውታፍ ይኖራል። እሱ ካልወጣ ካቻቪቴው ብሎኑን አያገኘውም፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው።

8️⃣ ረጅም፣ አፉ ሰፊና የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚይዝ ካቻቪቴ ይገባል፣ ወደ ግራ ይዞራል። ቀጭን ካቻቪቴ ከሆነ ብሎኑን ይልጠዋል፣ ካመለጠም የሰደፉን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

9️⃣ ብሎኑ ሲለቅ ሰደፉ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ከሆነ ይያዛል፤ ግራ ቀኝ ሳያወዛውዙ በትዕግሥት መሳብ ነው።

📌 ቁጥር 4 ይቀልላል

በቁጥር 4 ላይ አራት ማዕዘኑ ጫፍና ዝርጉ ብረት የሉም። ብሎኑ እንዳይላላ የሚያደርገው ሞላ የሆነ ራንዴላ ነው። ስለዚህ የፊት እንጨቱን ሳይነኩ፣ ክዳኑን ከፍቶ ውታፉን አውጥቶ ብሎኑን መፍታት ይቻላል። "ኧረ እኔ ስፈታው ምንም አልሆነም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የፈታው ቁጥር 4 መሆኑን ጠይቁት። የአንዱን ልምድ ለሌላው መስጠት ነው እንጨት የሚያሰነጥቀው።

📌 አዲሱ ሰደፍ እንዴት ይገባል?

አዲስ ሰደፍ አምጥቶ ዝም ብሎ መክተት አይሆንም። የእንጨቱ ጫፍ ከማቀፊያው ወለልና ግድግዳ ጋር መገናኘት አለበት። ጫፉ ወለሉን ካልነካ በተተኮሰ ቁጥር ሰደፉ ይረገጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

ጠጋኞች ይህን የሚያረጋግጡበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ጥላሸት። የማቀፊያው ውስጥ ጥላሸት በዘይት ይቀባል፣ ሰደፉ ይገባና ይወጣል። ጥቁር የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ እሱ ብቻ በትንሹ ይፋቃል። እንደገና ይገባል፣ ይወጣል፣ ይፋቃል። ጥቁሩ ሁሉም ቦታ እኩል እስኪታይ ድረስ። አንዴ ከመጠን በላይ የተፋቀ እንጨት አይመለስም፣ ስለዚህ ችኮላ የለም።

ከዚያ ብሎኑ በደንብ ይጠብቃል። በቁጥር 1 ላይ አራት ማዕዘኑ ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ጠምዘዝ ካለ የፊት እንጨቱ ዝርግ ብረት አይቀበለውም። በግድ ከተገፋ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ፈተናው፦ አንድ እጅ ብረቱን፣ አንድ እጅ ሰደፉን ይዞ መጠምዘዝ። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም።

📌 ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጡት

አሮጌ ሰደፍ ሲገኝ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ሰደፉ ላይ የተመታው የፋብሪካ ማህተም፣ የልኩ ፊደል፣ አንዳንዴ የተዋጊው ስም ወይም ምልክት ይጠፋል። በቀድሞዎቹ ቁጥር 1 ጠመንጃዎች ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ ክብ የናስ ሳንቲም የሚመስል ነገር አለ፤ የጦር ክፍሉ መለያ የሚጻፍበት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ላይ መሥራቱ ቀረ። ታሪክ የሚያጠና ሰው ጠመንጃው የት እንደነበረ የሚያውቀው በእነዚህ ነው።

የእንግሊዝ ጦር እንጨቱን የሚቀባው ቫርኒሽ ሳይሆን የተልባ ዘይት ነበር። አዎ፣ እናቶቻችን ለጾም የሚያዘጋጁት ያው ተልባ! ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ውሃ እንዳያስገባና በድርቀት እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል።

⚠️ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳ ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይ ውሃ ውስጥ ይነከር። ለበርና ለወንበር ለምትጠቀሙም ይሄው ነው።

📌 ሌሎቹስ?

▪️ ክላሽ (ኤኬኤም)፦ የእንጨት ሰደፉ ከብረቱ ኋላ በሚወጣ ምላስ ላይ በሁለት ቪት ይያዛል። መመለሻ ሞላው ሰደፉ ውስጥ አይደለም፣ ብረቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ሰደፉ ታጣፊ የሆነ ክላሽ መሥራት የቀለለው።

▪️ ኤም 16፦ መመለሻ ሞላው በቀጥታ ሰደፉ ውስጥ በሚገባ ቱቦ ውስጥ ነው። ያለዚያ ቱቦ መሣሪያው አይሠራም። ስለዚህ እንደ ክላሽ ከሥሩ አይታጠፍም፤ የሚያጥረው ቱቦው ላይ በመንሸራተት ነው።

አያችሁ? ሰደፍ "የእንጨት ቁራጭ" ብቻ አይደለም። መሣሪያው ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር ክፍል ነው።

📌 በመጨረሻ

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ከአያት የወረሰ አሮጌ ጠመንጃ በቤቱ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ ሕጋዊነቱን ከፖሊስ ጋር ያጣራ፤ ለማስጠገንም እንደዚሁ ይጠይቅ። እንጨቱ ቢሰነጠቅም ዝም ብሎ አይጣል፣ በስቱኮ አይደፈን፣ አይፋቅ። የጎደለው ሰደፍ ሌላ ሊገኝለት ይችላል። የጠፋ ማህተም ግን ተመልሶ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙ፦ እምቢ ያለ ብሎን ሁልጊዜ የዛገ አይደለም። አንዳንዴ ከወዲያ በኩል የያዘው ነገር አለ። ጉልበት ከመጨመር በፊት ወዲያ ዞሮ ማየት ነው።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ወዳጅ አጋሩት 🙏